የእጅ ወሬ በወንዝ ዳር

ልጄ ከቤት ሳንወጣ ሁለት ነገር ለመነችኝ፤ አንዱ ስለ እጮኛዋ አባት እንዳልጠይቅ፣ ሌላው እጄን እንድሰበስብ።

«እማዬ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ የእጅ ወሬ ይቅርባችሁ» አለችኝ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች።

«የምን የእጅ ወሬ?» አልኩ የማላውቅ መስዬ።

«ከአባዬ ጋር የምታወሩት ነዋ! ሰው ፊት ነውር ነው። እናቱ ካልተደሰተች እሱ እሺ አይልም፤ ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም። ስለ አባቱም አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ሕፃን ሆኖ ነው የሞተበት፤ እሷ ሲነሳባት አትወድም።»

«አፌን ሰፍቼ እመጣለሁ» አልኳት። የሰፋሁት ግን አፌን ብቻ ነበር።

የእጅ ወሬ የሚባለው የቤታችን ነገር ስለሆነ ላስረዳ። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነው። እኔ ማሽን ላይ፣ እሱ መካኒክ። እዚያ ክፍል ማሽኖቹ ከተነሱ ሰው ጆሮህ ሥር ቆሞ ቢጮህ አትሰማውም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ በእጁ ነው የሚነጋገረው። መጀመሪያ ለሥራ ነበር። ኋላ ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ ፍቅሩም በእጅ ሆነ። ባለቤቴ «ላግባሽ» ያለኝ በአንድ እጁ መፍቻ ይዞ በሌላው ነው። እኔም ያስኮረፍኩት፣ የታረቅኩትም ያው በእጄ ነው።

ፋብሪካው የባለቤቴን ጆሮ በላው። ዛሬ ከጆሮው ጀርባ መስሚያ መሣሪያ ተለጥፎለታል፤ እሱም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያፏጫል። ለራሱ ስለማይሰማው ሲያወራ ይጮሃል። ሠፈርተኛው ጡሩምባ ይለዋል፤ እሱ ግን አልሰማም። እኔ ከፋብሪካው ወጥቼ ስፌት ተማርኩና የመጋረጃ ሱቅ ከፈትኩ። ዛሬ ሾፌር ያላቸው ሴቶች ናቸው ደንበኞቼ። ስለ ፋብሪካው ለማንም አንስቼ አላውቅም። የእጅ ወሬው ግን ከቤት አልወጣም። ልጃችን እንዳትሰማ የምንፈልገውን ሁሉ በእሱ እንጨርሳለን። እንግዳ ፊት ተቀምጠን «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚነሳው?» እንባባላለን። አልዋሽም፣ የትዳራችን ግማሽ ጣዕም እሱ ነው። ደግሞ ባለቤቴ በጆሮው ቀልድ መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ የሚያስቀው የእጅ ቀልድ ብቻ ነው።

የወንዝ ዳሩን መንገድ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። «ቤት ከተገናኛችሁ አንዷ ስታበስል ትደክማለች፣ ሌላዋ መጋረጃ ስትመረምር ትውላለች» አለች ልጄ፣ መጋረጃ የምትመረምረዋን እያየች። «በእግር ከሆነ ማንም የማንም እንግዳ አይደለም።» አውቶቡሱ ከመጨረሻው ፌርማታ ሲያወርደን አንድ የብረት በር አለ፣ ጎኑ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል፤ «ቀላል መንገድ፤ ለሁሉም ዕድሜ የሚመች» ይላል። ወይ ጉድ፣ ሽማግሌና ሕፃን አድርገው ነው ያመጡን ብዬ ተናደድኩ።

እውነቱን ለመናገር መንገዱን ወድጄዋለሁ። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ወንዙ ከጎንህ እየሄደ፣ አንተ ከጎኑ እየሄድክ፣ ማንም ማንንም አያስቸኩልም። ከተማው እዚያው ከዛፎቹ በላይ ይታያል፤ ሕንፃው፣ የግንባታው ክሬን፣ ሁሉም። ድምፁ ግን የለም። ሰው ውሻውን ይዞ ያልፋል፣ ልጆች በብስክሌት ደወል እየደወሉ ያልፋሉ፣ ዳክዬዎች ወራጁን ውሃ አምነው ተኝተዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሚውል እግር እንዲህ ያለ መንገድ መድኃኒት ነው።

የልጄ እጮኛ እናት ከልጇ ጋር የብረት በሩ ላይ ቀድማን ቆማለች። ቀጭን ሴት ናት፤ ግራጫ ካፖርት፣ አጭር የተቆረጠ ፀጉር። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ እዚያው የለመደችው ይመስለኛል፤ ከሹክሹክታ አያልፍም። «እንደምን አደራችሁ፤ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል» አለች።

«ምን አለች?» ብሎ ባለቤቴ ጮኸ። ዳክዬዎቹ ብድግ ብለው በረሩ።

እኔ ኩም አልኩ። ልጄ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እናትየው ግን ጠጋ አለችና፣ ፊቷን ፊት ለፊቱ አድርጋ፣ ከንፈሯን ለይታ ደገመችለት። የደነቆረን ሰው እንዴት እንደሚያነጋግሩት የምታውቅ ሴት ናት። ያኔ ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጇም መጣና «እማማ፣ ቦርሳዎን ልያዝልዎት» አለኝ። እማማ! በዚያ ሰዓት ፀጉሬን ከተቀባሁ ሦስት ቀኔ ነው። ይሄኔ ነው እንግዲህ ቂም መያዝ የጀመርኩት።

ትንሽ እንደሄድን አግዳሚ ወንበር አገኘን። እሷ ከመቀመጧ በፊት በሶፍት ጠረገችው። ብርቱካን አወጣችና ልጣጩን ሳይበጠስ በአንድ ጊዜ ላጠችው፤ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ለሁላችንም አካፈለችን።

«እናንተስ በምን ሥራ ነበራችሁ?» አለች።

«እኛማ እኮ ፋብ…» ብሎ ባለቤቴ ሲነሳ እግሩን ረገጥኩት።

«ጨርቃ ጨርቅ ላይ ነበርን» አልኩ ቀጠን ብዬ። «አሁን መጋረጃ ነው። የራሴ ሱቅ አለኝ።»

ትንሽ ቆይታ አየችኝ። እኔ ደግሞ ያ አስተያየት ኩራት መሰለኝ። እንግዲህ ከመጻሕፍት ጋር የምትውል ናት፣ መጋረጃ ሻጭ ዓይኗ አልገባም ብዬ ለራሴ አሰብኩና፣ ለራሴው ተናደድኩ።

ቀጥሎ ከነበረው ድልድይ አጠገብ የመንገዱ ካርታ ቆሟል፤ ትልቅ ሰሌዳ፣ ዝናብ እንዳይነካው በመስታወት የተሸፈነ። ልጆቹ ድልድዩ ላይ ወጥተው ውሃ ያያሉ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ካርታውን ታነባለች። እኔና ባለቤቴ ከኋላዋ ቆመናል። እሱ ከእግሩ መረገጥ በኋላ አኩርፏል፤ ላስቀው ፈለግኩ። ሰበቤ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

እጄን ከፍ አደረግኩና «ንግሥቲቱን እያት፣ ወንበር ጠርጋ ነው የምትቀመጠው» አልኩት።

ጢሙ ነቅነቅ አለ። ሊስቅ ነው። ይሄ ሲሆን እኔ መቆም አልችልም።

«ልጇ ደግሞ ከክር ይቀጥናል። ልጃችን ማንኪያ ይዛ ስታባብል ልትኖር ነው።»

«ተይ» አለኝ በእጁ፤ ዓይኑ ግን ስቋል።

ከዚያ አገጬን ያዝኩ። ይህ አባት ማለት ነው። መዳፌን ከፈትኩና እፍ አልኩበት። ይህ ደግሞ ንፋስ ነው። አባቱስ? ንፋስ። በፋብሪካችን እንዲህ የሚባለው አባቱ ላልታወቀ ልጅ ነው። ክፉ ስድብ ነው፤ ግን ያኔ ማንም ለማንም ይወረውረው ነበር፣ እኔም የማውቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ልጄ በአፍሽ እንዳይወጣሽ ብላኝ አልነበር? በአፌ አልወጣም። እንዲያውም በራሴ ብልጠት ተደስቼ ነበር።

ባለቤቴ ሳቀ። ሳቁም እንደ ድምፁ ነውና ድልድዩ ላይ ያሉት ዞሩ። የልጁ እናት አልዞረችም። ካርታው ፊት ቆይታ ቆይታ፣ ሁለት እጇን የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና መሄድ ጀመረች። ንፋሱ በርዷት ይሆናል አልኩ።

ከዚያ በኋላ እጇ ከኪሷ አልወጣም። ልጄ ውሃ ስታቀብላት እንኳ «አልጠማኝም» አለች። ልጇ «እማዬ፣ ደከመሽ እንዴ?» ሲላት ራሷን ነቀነቀች። እኔ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ቢራቢሮ እያየሁ፣ ቅጠል እየነካሁ። ሰው የሠራውን ሳያውቅ እንዴት ቀለል ብሎ ይሄዳል!

መንገዱ ከሚያበቃበት በፊት ድሮ ውሃ ይጠለፍበት የነበረ አሮጌ የብረት መዘውር አለ። ባለቤቴ መዘውር አይቶ አያልፍም። ልጆቹን ሰብስቦ እንዴት እንደሚሠራ እየጮኸ ያስረዳ ጀመር። እኔና እሷ ትንሽ ራቅ ብለን ወንበር ላይ ተቀመጥን። ይህን ጊዜ አልጠረገችውም።

ልጆቹ ጀርባቸውን እስኪሰጡ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ እጆቿን ከኪሷ አወጣች፤ ጭኗ ላይ ዝቅ አድርጋ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳያይ፣ በጣቶቿ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። መጀመሪያ ያየሁትን አላመንኩም። ጣቷን ወደኔ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ፣ ከዚያ መዳፏን ገልበጥ። ማን ነገረሽ? አነጋገሩ ከእኛ ትንሽ ይለያል፣ የቆየ ነው፣ ግን ያው የፋብሪካው ቋንቋ ነው። ያቺ ብርቱካን የላጠችበት ጣት። ያ የደነቆረን የምታነጋግርበት ከንፈር። ለካ ስለ ሥራችን ጠይቃኝ ያየችኝም «የት ፋብሪካ?» ለማለት ነበር።

«ካርታው ላይ መስታወት አለ፤ እጅሽ ይታይበታል» አለችኝ በጣቷ፣ ልክ ይህ ብቻ ያልገባኝ ይመስል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬቷ ግን ቀላል መንገድ ናት፣ ለሁሉም ዕድሜ የምትመች፣ ጭርሱን አትከፈትም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እጅ ሲያመልጥማ!

የጠበቅኩት ስድብ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ተነስታ ብትሄድ፣ ሌላው ቢቀር ብትተፋብኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም። እንደ ፈራ ሰው ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች። ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። ትከሻዋን በሁለት ጣት ነካች፤ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። አገጯን ያዘች። ከዚያ ጀርባዋን እንደ መስጠት አደረገች፤ ካደ። እሷ የነበረችው በሌላ ከተማ ባለው የእኛው ኩባንያ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው። የልጁ አባት ተቆጣጣሪዋ ነው። አልወለድኩትም ብሎ ካዳት። ሠራተኛው ሁሉ በየማሽኑ መሃል መዳፉን እፍ እያለ ሳቀባት። ሆዷን ይዛ ወጣች።

«ልጄ አያውቅም» አለች። «አባትህ ሞቷል ነው ያልኩት። ወሬው እናንተ ዘንድ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ልጅሽ ታውቃለች?»

ገባኝ። እኔ እንዲያው አፌን ለማጣፈጥ፣ እንዲያው ባሌን ለማሳቅ የወረወርኩትን፣ እሷ የማውቀው መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ ከሸሸችው ሳቅ ጋር እዚህ ወንዝ ዳር ፊት ለፊት ያገናኘኋት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ ሁለት መዳፏን አጋጥማ፣ አገጯ ሥር አድርጋ ለመነችኝ። «በአፍሽ እንዳታወጪው። ልጄ አይስማ።»

የሰደብኳት ሴት ለመነችኝ። ከዚህ የበለጠ ውርደት የት አለ?

ይቅርታ ልላት እጄን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። በፋብሪካው ቋንቋ ይቅርታ የሚል ምልክት የለም። ስድብ አለ፣ ስስት አለ፣ እርግዝና አለ፣ ፍቅር እንኳ አለ። ለይቅርታ ማንም ምልክት አልሠራለትም፤ ማሽን እየሮጠ ይቅርታ የሚጠይቅም፣ ይቅርታን ቆሞ የሚቀበልም አልነበረም። በአፌ እንዳልል ደግሞ ልጇ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም፣ የምን ይቅርታ ብሎ ሊጠይቅ ነው፣ እሷም አታውጪው ብላ ለምናኛለች። ደረቴን መታሁ። ሁለት ጣቴን አቆላልፌ በጠስኩ፤ ክሩን የበጠስኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጥፋተኛው የሚለው እሱን ነው። «ማንም አልነገረኝም» አልኳት። «አላውቅም ነበር። ቀልድ ነው።»

ቀልድ የሚለውን ስታይ እጆቿ ቆሙ። ያንን ባልል ይሻል ነበር። ትመነኝ አትመነኝ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ልጄ እየመጣች። ፊቷ ላይ ሥጋት አለ፤ የእኔን እጅ ታውቀዋለችና።

እናትየው ቀደመችኝ። «እናትሽ የመጋረጃ እጥፋት እያሳየችኝ ነው» አለች በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ጥሩ ሰዎች ናቸው። በእኔ በኩል ደስ ብሎኛል፤ መቼ እንደምትጋቡ እናንተው ተነጋገሩ።»

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ ወደደችሽ እኮ! ምን ብትያት ነው?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። እኔ በልጄ ትከሻ ላይ አሻግሬ የሴትዮዋን ዓይን አየሁ። ዓይኗ እኔ ፊት ላይ አልነበረም፤ እጄ ላይ ነበር። ያንን ምርቃት ከልቧ ትስጠው፣ ከፍርሃቷ ትስጠው አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችውን ነገር ያገኘሁላት ሰው አስፈራርቼ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ለልጄ መንገር አልችልም።

መመለሻው ላይ ባለቤቴ ከጎኔ እየሄደ በእጁ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። እጄን አላነሳሁም። «ምንም» አልኩት በአፌ።

«ምን?» ብሎ ጮኸ።

ወደ አውቶቡሱ የሚያሳጥረው መንገድ በወንዙ ማዶ ነው። ውሃው እዚያ ጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። ሕፃናት እየዘለሉ ይሻገሩታል። ልጄና ባለቤቴ ቀድመው ተሻገሩ፤ ባለቤቴ ማዶ ሆኖ «አይዞሽ!» እያለ ከተማውን ሁሉ ያሰማል። ልጁ ከመሃል ተመለሰልኝ። ቦርሳዬን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ድንጋዩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለኝ።

የትኛውን እጄን? አገጬን የያዝኩበትን ነው ወይስ እፍ ያልኩበትን? ዞር ስል እናቱ ዳር ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። አሁንም የምታየው እጄን ነው። ከዚህ በኋላ ሠርግ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ፣ አንድ ገበታ ላይ ስንት ዓመት መቀመጥ አለ፤ ያቺ ሴት በሄድንበት ሁሉ ይህን እጅ ስትጠብቅ ልትኖር ነው።

ሁለቱንም ሰጠሁት።

ልጁ ሳቀ። «አንዱ ይበቃል እኮ! እንዲህማ ከሆነ የኋሊት ልሄድ ነው፣ ሁለታችንም እንወድቃለን።»

«ሁለቱንም ያዝልኝ፣ ልጄ» አልኩት፣ እናቱ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ማዶ እስክንደርስ እንዳትለቃቸው።»

አጥብቆ ያዘኝ፤ የኋሊት እየሄደ፣ ድንጋዩን በእግሩ እየዳሰሰ።